የባለ እጅ ልጆች ነን፤ ሥራው ግን የማን ነው?



ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት አዳራሽ የቤተ እስራኤል የባህል ቀን ተብሎ ዝግጅት ተደርጎ ነበር። እኛም ተጠርተን ሄድን። ከጎንደር አካባቢ የመጡ አንዲት እናት ጭቃ ቀርቦላቸው በእንግዶቹ ፊት ጀበና ሲሠሩ ዋሉ። ሥራ አስኪያጁ ንግግር አደረጉ፤ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ተጨበጨበ፤ ቡናም ተጠጣ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ያንኑ አዳራሽ ለማጽዳት ሌላ እናታችን ገቡ። እኚህኛዋ በካብላን በኩል የሚሠሩ ናቸው። ስድስት ዓመት ያንን ሕንፃ ሲያጸዱ፣ በሕንፃው ውስጥ ስማቸውን የሚያውቅ ሁለት ሰው ቢገኝ ነው። እርሳቸውም የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ በአገር ቤት ራሳቸውም ሸክላ ሠሪ የነበሩ ናቸው። ጠረጴዛውን ሲወለውሉ ጀበናይቱን በእጃቸው ጀርባ ነካ አድርገው፣ «ይቺ ገና ቀዝቃዛ ናት፤ ውስጧ አልደረቀም። ከማሞቂያው አጠገብ ከተዋት ትሰነጠቃለች» አሉ። ይህንኑ ለተቆጣጣሪው ነገሩት። እርሱም «አንቺ ወለሉን ጥረጊ» አላቸው። (በዕብራይስጥ አንቺና እርስዎ አይለይም ይባላል፤ ይሁን እንጂ በድምፅ ይለያል።) ጀበናይቱ በሦስተኛው ቀን ተሰነጠቀች።

የአንዲት ጀበና መሰንጠቅ ትንሽ ነገር ነው። እኛን ያሳሰበን ግን ሌላ ነው። የአንድ አገር ልጆች የሆኑ፣ አንድ ዓይነት ሙያ ያላቸው ሁለት እናቶች በአንድ ሕንፃ ውስጥ ነበሩ። አንዷ በዓመት አንድ ቀን ተጨበጨበላቸው፤ ሌላዋ በዓመት ሦስት መቶ ቀን ዝም ተባሉ። መሥሪያ ቤቱ የእጅ ሙያን አከበርኩ ብሎ ያምናል። እኛ ደግሞ የእጅ ሙያ ማለት ጀበናው ብቻ እንዳልሆነ ለመናገር ይህን ርእሰ አንቀጽ ጻፍን።

እንግዲህ ሙያ ስንል ምን ማለታችን ነው? ከመካከላችን በ1984 እና በ1991 በልጅነታችን የመጣን ሰዎች በአይናችን ያየነው ነገር አለ። ክረምት ሊገባ ሲል ገበሬው ማረሻው አልቆ ወደ ባለ እጁ ይመጣል። ባለ እጁ ብረቱን ተቀብሎ ወዲያው እሳት ውስጥ አይከተውም። አስቀድሞ ይጠይቃል። መሬቱ ዋልካ ነው ወይስ ድንጋያማ? በሬዎቹ እንዴት ናቸው? ያለፈው ዓመት ማረሻ ከየት በኩል በላ? ይህን ከሰማ በኋላ ነው ልጁን «ወናፉን ንፋ» የሚለው። ልጁ ወናፍ እየነፋ፣ ከሰል እያቀረበ፣ የብረቱን ቀለም እያየ ዓመታት ይቆያል። ብረቱ መቼ ቀይ፣ መቼ ብርቱካን እንደሚመስል፣ የትኛው ቀለም ለመቀጥቀጥ፣ የትኛው ውኃ ውስጥ ለመንከር እንደሚሆን በመጽሐፍ አልተጻፈለትም። መዶሻ የሚሰጠው አይኑ ከበሰለ በኋላ ነው። ክፍያውም ብዙ ጊዜ በእህል ስለነበረ፣ እህሉ ደግሞ አዝመራ ሲገባ የሚገኝ ስለሆነ፣ ባለ እጁ ዋጋውን የሚያገኘው ማረሻው መሬቱን ካረሰ በኋላ ነበር። ማረሻው ከተሰበረ ገበሬው የሚመጣው ወደ እርሱ ነው፤ «ይህ የእኔ ክፍል አይደለም» የሚል መልስ አልነበረም።

እናቶቻችንም እንዲሁ። አፈሩን የሚያመጡበትን ቦታ ያውቁታል፤ የተሰበረውን አሮጌ ሸክላ ፈጭተው ከአዲሱ ጭቃ ጋር ያዋህዱታል፤ ይህ ካልሆነ ምጣዱ እሳት አይችልም። በእጃቸው ያነሡታል፣ በለስላሳ ድንጋይ ይወለውሉታል፣ በጥላ ያደርቁታል፣ ከዚያ ይተኩሱታል። የሚገዛቸውን ሰው ያውቁታል፤ እንጀራ የምትጋግረው ሴት ምጣዱን አሟሽታ የመጀመሪያውን እንጀራ ካወጣች በኋላ ምን እንዳለች ይሰማሉ። ቀጣዩን ምጣድ ሲሠሩ ያንን ቃል ይዘው ነው።

ሙያ የምንለው ይህን ነው። የሚሠራው ሰው የሥራውን መጀመሪያና መጨረሻ ያያል፤ ለማን እንደሚሠራ ያውቃል፤ ስሕተቱን ራሱ ያርማል፤ ያወቀውንም ለሚከተለው ያስተምራል።

ይሁን እንጂ የአገር ቤቱን ኑሮ ገነት አድርገን ለልጆቻችን መንገር አይገባንም። አባቶቻችን ባለ እጅ የሆኑት ሙያን ስለወደዱ ብቻ አልነበረም። ከአፄ ይስሐቅ ዘመን ጀምሮ፣ ማለትም ከ15ኛው መቶ ዘመን ወዲህ፣ ሃይማኖቱን ያልለወጠ ርስት እንዳይወርስ መደረጉን ሽማግሌዎቻችን ሲያወሩ ኖረዋል። መሬት የሌለው ሰው በእጁ ይኖራል። በጎንደር ዘመን አባቶቻችን በግንበኝነትና በአናጢነት ለነገሥታቱ እንደሠሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ነገር ግን ያው ማረሻ የሚያሠራ ገበሬ፣ ያው እንስራ የሚገዛ ሰው፣ ሲመሽ «ቡዳ» ብሎ ይሸሸን ነበር። አፄ ምኒልክ በ1908 ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። አዋጅ ማስፈለጉ ራሱ ስድቡ ምን ያህል እንደነበረ ያሳያል፤ በእኛ መንደሮች ደግሞ ስድቡ ከአዋጁ በኋላም ብዙ ኖሯል። ስለዚህ አንዳንድ አባቶች ልጃቸውን «ተማር፤ እጅህን ከሰል አይንካው» ቢሉ እንረዳቸዋለን። ከእኛም መካከል በዚህ ምክር ያደግን አለን።

ከዚያ ኢየሩሳሌም ደረስን። በሜርካዝ ቅሊታ ቅጽ ተሞላ። በቅጹ ላይ ሙያ የሚል ቦታ አለ። ብረት አቅልጦ ማረሻ፣ መጥረቢያ፣ ማጭድና ቢላዋ ሲሠራ የኖረ ሰው፣ ድርና ማግ አስማምቶ ጥለት የሚያወጣ ሸማኔ፣ ቅጹን የሚሞላው ሰው ዲፕሎማ ስላላየለት «ሙያ የሌለው» ተብሎ ተጻፈ። በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ይህ ወረቀት እስከ ዛሬ አለ። አባትየው ዕብራይስጥ ስለማያነብ ምን እንደተጻፈበት ያወቀው ልጁ ካደገ በኋላ ነው። ሚፍዓል ገባ፤ አንድ ቁልፍ እንዲጫን ታዘዘ፤ ቁልፉ ምን እንደሚያደርግ ግን አልተነገረውም።

ይህ በእኛ ላይ ብቻ የመጣ አይደለም። ታሪኩ ረዥም ነው፤ አጠር አድርገን እናስታውሰው። በአሜሪካ የፎርድ ፋብሪካ በ1913 የሚንቀሳቀስ መስመር ዘረጋ። ቀድሞ አንድ የመኪና አካል ለመገጣጠም አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅ የነበረው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ወረደ። ይህ ትልቅ ውጤት ነው። ሠራተኞቹ ግን ጥለው ይሄዱ ነበር። በዚያው ዓመት ፋብሪካው ወደ 14,000 የሚሆን ሠራተኛ ለማቆየት ከ50,000 በላይ ሰው መቅጠር ግድ ሆነበት። በጥር 1914 የቀን ደመወዝ አምስት ዶላር ይሁን የተባለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቀኑን ሙሉ አንድ ብሎን የሚያጠብቅ ሰው፣ የሚሠራው መኪና መንገድ ላይ ሲሄድ ቢያየው እንኳ «የእኔ ሥራ ነው» ለማለት ይከብደዋል። ደመወዙ ተጨመረ፤ ብሎኑ ግን ያው ብሎን ነው።

ሌላውን ምሳሌ የምንወደው ከሽመና ስለሚጀምር ነው። ሳኪቺ ቶዮዳ የሚባል ጃፓናዊ የአናጢ ልጅ ነበር። በ1891 የተሻሻለ የእጅ ሽመና መሣሪያ አስመዘገበ። ዓመታት ደክሞ በ1924 ክር ሲበጠስ ራሱ የሚቆም መሣሪያ አወጣ። ሽመና የሚያውቅ ወገናችን የዚህን ጥቅም ወዲያው ይገባዋል፤ ድር ተበጥሶ ሳይታይ ከተሸመነ ጨርቁ በሙሉ ይበላሻል። ከዚህ ቤተሰብ በኋላ የቶዮታ መኪና ፋብሪካ ተመሠረተ፤ ይህም ሐሳብ ወደ ሰው ተሸጋገረ። በፋብሪካው መስመር ላይ ያለ ማንኛውም ሠራተኛ ስሕተት ካየ ገመድ ይስባል። የቡድን መሪው ይመጣል፤ ነገሩ ካልተስተካከለ መስመሩ ይቆማል። ገመዱን ለዝቅተኛው ሠራተኛ መስጠት ማለት «አይንህን እናምናለን» ማለት ነው። ያንን ፋብሪካ ገነት ነው አንልም፤ ሥራው ፈጣንና አድካሚ ነው። ነገር ግን የእኛ እናት ስለ ጀበናይቱ ሲናገሩ የሚስቡት ገመድ ቢኖር ኖሮ ብለን ማሰባችን አልቀረም።

በስዊድንም በ1989 ቮልቮ በኡዴቫላ ከተማ አንድ ፋብሪካ ከፍቶ፣ ጥቂት ሠራተኞች ያሉበት ቡድን ሙሉ መኪና እንዲገጣጥም አድርጎ ነበር። ገበያ ሲቀዘቅዝ በ1993 ተዘጋ። ይህን የምንጠቅሰው ለእኛ ሐሳብ የሚመች ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም የሚቃወመን ሰው የሚያነሣው ምሳሌ ይህ ስለሆነ ነው። አንድ የሚፍዓል ሜናሄል «ሸክላ ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል፤ ደንበኛ ግን አይጠብቅም» ሊለን ይችላል። ልክ ነው። ሁሉም ሥራ እንደ ማረሻ ይሠራ አላልንም። ወለል መወልወልም ምንም ቢባል ወለል መወልወል ነው። የምንጠይቀው የሚወለውለው ሰው አይንና አንደበት እንዳለው እንዲታወቅ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በእስራኤል ሠራተኛን ከሥራው የሚለየው ትልቁ ነገር መኪናው አይደለም፤ ሚኽራዙ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ወይም አንድ ሆስፒታል ጽዳቱን በጨረታ ለካብላን ይሰጣል። ካብላኑ ሠራተኛዋን ይልካል። የምትሠራው እዚህ ነው፤ ታሉሽ የሚመጣላት ከዚያ ነው። በ1996 ስለ ኮአሕ አዳም ካብላኖች ሕግ ወጥቷል። በ2000 በተደረገ ማሻሻያ፣ በኮአሕ አዳም ድርጅት የተላከ ሠራተኛ በአንድ ቦታ ከዘጠኝ ወር በላይ ከሠራ የዚያው የሚሠራበት ቦታ ሠራተኛ እንዲሆን ተወሰነ፤ አፈጻጸሙ ግን እየተራዘመ እስከ 2008 መጀመሪያ ቆየ። ጽዳት ላይ ደግሞ ካብላኑ «እኔ ሰው አላከራይም፤ አገልግሎት እሸጣለሁ» ስለሚል፣ አብዛኞቹ እናቶቻችን ከዚህ አንቀጽ ውጭ ቀሩ። በ2011 መጨረሻ በወጣው የሥራ ሕጎችን ማስከበሪያ ሕግ፣ በጽዳት፣ በጥበቃና በምግብ አገልግሎት ላይ አገልግሎቱን ያዘዘውም አካል ኃላፊነት እንዲኖርበት ተደርጓል። በየካቲት 2012 ሂስታድሩት በካብላን ስለሚሠሩት ሠራተኞች አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠርቶ ነበር፤ ከዚያም አንዳንድ ማሻሻያ ተገኘ። እነዚህን መብቶች ማወቅ ያስፈልጋል። ነገር ግን ሕጉ የሚናገረው ስለ ደመወዝና ስለ ጡረታ ነው፤ ስለ አይንና ስለ እጅ አይናገርም።

አንድ ነገር እንጨምር። ከእኛ መካከል መምህራንን በማሠልጠን ሥራ የተሰማሩ አሉ። ለልምምድ ወደ አንድ ትምህርት ቤት በሄድንበት ዓመት አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። የትኛው ክፍል መስኮቱ ዝናብ እንደሚያስገባ፣ የትኛው ልጅ በዕረፍት ሰዓት ከደረጃው ሥር ተቀምጦ እንደሚያለቅስ ያውቁ ነበር። አንድ ቀን ለአንዷ ሠልጣኛችን «ያ ልጅ ዳቦ አያመጣም፤ ተርቦ ነው የሚረብሸው» ብለው ነገሯት። ዮዔጼትም ሆነች አስተማሪው ይህን አላወቁም ነበር። በዓመቱ ካብላኑ ተለወጠ። እኚህ እናት ወደ ሌላ ከተማ ተመደቡ። ማንም ሜናሄሏን አልጠየቀም፤ እርሷም አልተቃወመችም፤ በእርሷ ወረቀት ላይ የጠፋ ሠራተኛ አልነበረምና። በቁጥር ሲታይ አንድ የጽዳት ሠራተኛ ሄደ፣ አንድ የጽዳት ሠራተኛ መጣ። እዚያ ግቢ ውስጥ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት የተጠራቀመ እውቀት ግን በአንድ ቀን ወጥቶ ሄደ።

የራሳችንም ቤት ንጹሕ አይደለም። መምህርነት ከባለ እጅነት የሚለይ አይደለም፤ ወጣቱ መምህር ወናፍ እየነፋ የሚቆይበት ጊዜ ያስፈልገዋል። አንድ የበሰለ መምህር ክፍል ሲያረጋጋ ቁጭ ብሎ ማየት አለበት፤ እርሱ ሲያስተምር ደግሞ የበሰለው መምህር ከኋላ ተቀምጦ ሊያየው ይገባል። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? የማኅበረሰባችንን ልጆች በፕሮጀክት ስም ከመስከረም እስከ ሰኔ እንቀጥራለን፤ ቅጽ እናስሞላለን፤ ስንት ልጅ አገኘህ፣ ስንት ስብሰባ ተቀመጥህ ብለን እንቆጥራለን፤ በክረምቱ እናሰናብታለን። በሚቀጥለው መስከረም አዲስ ልጅ እናመጣለን። ቤት ለቤት እየሄደ ከቤተሰቡ ጋር የተዋወቀው ልጅ አሁን በጥበቃ ሥራ ላይ ነው። ይህን የሚያደርጉት መሥሪያ ቤቶች ብቻ አይደሉም፤ ለወገን ቆመናል የምንል ማኅበራትም እናደርገዋለን። የገንዘብ ረዳቶቻችን የሚጠይቁት ቁጥር ስለሆነ እኛም ቁጥር እንሰጣለን። ቢያንስ በራሳችን ዘንድ ይህን አምነን ብንነሣ መልካም ነው።

በጎ ጅምሮችም አሉ። በኢየሩሳሌም አጠገብ በሞጻ ከ2010 ጀምሮ መጀመሪያ የሚባል የጌጣጌጥ ትምህርት ቤት ከኢትዮጵያ የመጡ ወገኖቻችንን የአንጥረኝነት ሙያ አስተምሯል። ስሙን በአማርኛ ማድረጋቸው ደስ ያሰኛል። እኛን የሚያስደስተን ግን ከስሙ ይልቅ፣ ተማሪው ብሩን ከቀለጠበት ሰዓት ጀምሮ ቀለበቱ እስኪያልቅ ድረስ በእጁ የሚይዝ መሆኑ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ለእናቶቻችን ተብሎ የሚከፈተው የእጅ ሥራ ክበብ አብዛኛውን ጊዜ የጊዜ ማሳለፊያ ሆኖ ይቀራል። የተሠራው ስፌት በዓመት በዓል ለእንግዳ ይሰጣል፤ ዋጋ አይወጣለትም፤ የሠራችውም ሴት ስም አይጻፍበትም። ሙያ ያለ ዋጋና ያለ ስም ከተያዘ ጨዋታ ነው። ሰባ ዓመት የሆናቸውን ሰው እንደ መዋዕለ ሕፃናት ልጅ ማስተናገድ ክብር አይደለም።

እንግዲህ በየቤታችን ከዛሬ ጀምሮ ልናደርጋቸው የምንችላቸው ነገሮች አሉ። ታሉሻችሁን አውጡና ቀጣሪ ተብሎ የተጻፈው ማን እንደሆነ እዩ፤ የምትሠሩበት ቦታ ስምና የታሉሹ ስም የማይገናኝ ከሆነ፣ ስንት ዓመት በዚያ ቦታ እንደሠራችሁ ቀኑን ጽፋችሁ ያዙ። በልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ፣ ስለ ፈተና ውጤት ከመጠየቃችሁ በፊት «ግቢውን የሚያጸዱት ሰዎች እነማን ናቸው? ካብላኑ ሲለወጥ እነርሱ ይቆያሉ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ ከዚህ በፊት በስብሰባ ስላልቀረበ ይገርማቸው ይሆናል፤ ሚኽራዙ ግን በዒሪያ የሚጻፍ ወረቀት ነው፤ ሠራተኞቹ እንዲቆዩ የሚል መስመር ሊጨመርበት ይችላል።

በቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ሥራ አለን። አያቶቻችን እያለፉ ነው። ልጆቻችሁ ወረቀትና ስልክ ይዘው ይቀመጡ፤ አያታቸውን «ምን ትሠራ ነበር?» ብለው ብቻ አይጠይቁ። «ብረቱ እንደደረሰ በምን ታውቅ ነበር? ልጅ ሆነህ መጀመሪያ ያበላሸኸው ሥራ ምን ነበር? አባትህስ ምን አለህ?» ብለው ይጠይቁ። አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይህን ጠይቆ፣ አያቱ ማረሻ ያበላሹበትን ቀን ሲያወሩ ሁለት ሰዓት እንዳስቀመጡት ነግሮናል። ከዚያ በፊት በቤታቸው ከሰላምታና «ብላ» ከሚለው ቃል ሌላ ንግግር አልነበራቸውም።

ስለ አዳራሹ ጉዳይ ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጽፈናል። በዓመቱ የባህል ቀን ሲደረግ ሸክላውን እንዲሠሩ ሌላ ሰው ከሩቅ ከተማ ከማምጣት ይልቅ፣ በሕንፃው ውስጥ ያሉትን ባለ ሙያ እንዲጠይቁ፣ ለዚያም ቀን ሙሉ ዋጋ እንዲከፍሏቸው፣ ከዚህም ይበልጥ በቀጣዩ ጨረታ የጽዳት ሠራተኞቹን በቀጥታ እንዲቀጥሩ ጠይቀናል። መልስ እስካሁን አልደረሰንም። የደብዳቤው ቃል በዕብራይስጡ ገጽ ታትሟል፤ የትምህርት ቤቱን ወይም የመሥሪያ ቤቱን ስም እየለወጣችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ዕብራይስጥ መጻፍ የሚያስቸግራቸው አባቶችና እናቶች ልጆቻቸውን ያስጽፉ፤ በመጨረሻው ላይ ግን የሚፈርሙት ራሳቸው ይሁኑ።